«አንድ ጊዜ ላረጋግጥ»፦ የፋርማሲ ተማሪ ሙያዊነትን የሚማረው የት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1998 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ራንኮርን በምትባል ከተማ፣ ሆዱን ለሚቆርጠው ጨቅላ ሕፃን የፔፐርሚንት ውኃ ታዘዘ። በመድኃኒት ቤት የሚቀመም፣ የቆየና የታወቀ ማስታገሻ ነበር። የቀመመው ትምህርቱን ጨርሶ፣ የሙያ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ያለውን የልምምድ ዓመት የሚሠራ ወጣት ነበር። መድኃኒቱ እንዳይበላሽ ክሎሮፎርም ያለበት ውኃ ይጨመርበት ነበር። ይህ ውኃ የተለያየ ጥንካሬ አለው፤ አንዱ እንዳለ የሚጨመረው «ድርብ» የሚባለው ነው፤ ሌላው ገና በብዙ ውኃ ተበርዞ ሥራ ላይ የሚውለው ጥሬው ነው። ወደ ሕፃኑ ጠርሙስ የገባው ጥሬው ሆነ። ክሎሮፎርሙ መሆን ከሚገባው 20 እጥፍ በለጠ። ሥራውን የምትቆጣጠረው ባለሙያም ሳታስተውለው አለፈች። ሕፃኑ ሞተ። በ2000 የቼስተር ፍርድ ቤት ሁለቱንም የሚገባውን ጥራት ያልጠበቀ መድኃኒት በመስጠት በገንዘብ ቀጣቸው፤ ሰው በመግደል የቀረበባቸው ክስ ግን አልቀጠለም።

ጉዳዩ በብሪታንያ የፋርማሲ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ «የፔፐርሚንት ውኃ» በሚል ስም ይታወሳል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ጥሬው 40 ጊዜ ሲበረዝ ተራውን የክሎሮፎርም ውኃ፣ 20 ጊዜ ሲበረዝ ደግሞ ድርቡን ይሰጣል፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በወረቀት ላይ ቢሰጠው በደቂቃ ይሠራዋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚሰማ የፋርማሲ መምህር ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ስሌቱን አልፎ ይሄዳል፦ ጠርሙሱን በእጁ የያዘ ወጣት ትንሽ እንኳ ሲጠራጠር፣ ሥራው በተደራረበበትና ሰው በሚጠብቅበት ሰዓት፣ «አንድ ጊዜ ላረጋግጥ» ብሎ ድምፁን እንዲያሰማ ማን አስተምሮታል? በየትኛው ክፍለ ጊዜ?

ፋርማሲን ከብዙ ሙያ የሚለየው አገልግሎቱን የሚቀበለው ሰው የተቀበለውን ነገር መመርመር አለመቻሉ ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው እፍኝ ዘግኖ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ፣ ነፋ አድርጎ ያያል፤ ካልተስማማው ወደ ሌላው ነጋዴ ይሄዳል። እንክብል የተቀበለች እናት ግን ውስጡ ያለው መድኃኒት ይሁን ኖራ፣ መጠኑ ለልጇ ይሁን ለአባቷ፣ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ያላት መተማመኛ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ሰው ብቻ ነው። በ2001 በአሜሪካዋ ካንሳስ ሲቲ የተያዘ አንድ ፋርማሲስት የካንሰር መድኃኒቶችን እያቀጠነ ለሕመምተኞች ሲያቀርብ መኖሩ ተረጋግጦ 30 ዓመት ተፈርዶበታል። የሰውዬው እውቀት አልጎደለም ነበር፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ለመሥራት እውቀት ያስፈልጋል።

ሙያው ራሱ ይህን ሸክም በግልጽ መቀበል የጀመረው ብዙም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ነው። በ1990 ቻርልስ ሄፕለርና ሊንዳ ስትራንድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን የፋርማሲስት ኃላፊነት መድኃኒቱን አስረክቦ እንደማያበቃ፣ መድኃኒቱ በታካሚው ላይ ለሚያመጣው ውጤትም ተጠያቂ መሆን እንዳለበት የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ የሥነ ምግባር ጉዳይ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ቦታ እየያዘ ሄደ። በ1993 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ነጭ ጋዋን የሚለብሱበት ሥነ ሥርዓት ተጀመረ፤ ልማዱ ወደ ፋርማሲ ትምህርት ቤቶችም ተሻገረ። በ1994 የአሜሪካ ፋርማሲ ተማሪዎች ቃል የሚገቡበት ሰነድ ተዘጋጀ። በ1997 ቫንኩቨር ላይ የተሰበሰቡ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች የፋርማሲስትን ሰባት ሚናዎች ዘረዘሩ፤ ተንከባካቢ፣ ወሳኝ፣ ተግባቢ፣ አስተዳዳሪ፣ ዕድሜ ልኩን ተማሪ፣ አስተማሪ፣ መሪ። በ2000 ደግሞ ከተማሪዎችና ከዲኖች የተውጣጣ የአሜሪካ ቡድን የሙያዊነት አሥር መገለጫዎችን አሳተመ። ራስን ለማሻሻል መትጋት፣ ለሥራ ተጠያቂ መሆን፣ ከታካሚ ጋር በቃል ኪዳን መተሳሰር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

እነዚህ ዝርዝሮች መልካም ናቸው፤ ቃል መግባቱም ጋዋኑም መልካም ነው። የአንድ ወጣት ወላጆች ልጃቸው ጋዋን ለብሶ ሲያዩት የሚሰማቸውን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን ዝርዝር ያነበበ ሰው በመጨረሻ ሰዓት ዝርዝሩን ያስታውሳል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። ይህን ከምንም በላይ ያሳየው በ1973 በፕሪንስተን የተደረገ ጥናት ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ላኳቸው። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጎሳቁሎ፣ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጦ ያገኙታል። ጊዜ ከነበራቸው ተማሪዎች 63 ከመቶው ቆመው ረዱት፤ «አርፍደሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ግን የረዱት 10 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ለመናገር መዘጋጀታቸው ያመጣው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መልካምነትን በቃል ማወቅና በጥድፊያ ውስጥ ሆኖ መልካም ማድረግ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። የመድኃኒት ቤት ሥራ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ጥድፊያ ነው።

ጥድፊያውን ወደ ክፍል ውስጥ ማምጣት ይቻላል። ተማሪዎች ጉዳይን እየተጫወቱ የሚለማመዱበት ወርክሾፕ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ አሠራሩም ውድ አይደለም። በ1963 ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም በሎስ አንጀለስ ጤነኛ ሰዎችን እንደ ታካሚ ሆነው እንዲቀርቡ አሠልጥኖ ተማሪዎችን ማስተማር ጀመረ። ያኔ ብዙዎች እንደ ቀልድ ያዩት ይህ ዘዴ ዛሬ በመላው ዓለም የጤና ትምህርት መሠረት ሆኗል። ተዋናይ መቅጠር ያልቻለ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ራሳቸውን በየተራ ታካሚ ያደርጋል። የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን፣ የማዘዣ ወረቀትና ጥሩ ጉዳይ ነው።

ጥሩ ጉዳይ የሚባለው መልሱ በመጽሐፍ የማይገኝ ነው። አንድ ወጣት ያለ ሐኪም ማዘዣ አሞክሳሲሊን ይጠይቃል፤ «ባለፈው እዚሁ ሰጥታችሁኛል፣ ዛሬ ምን ተገኘ?» ይላል፤ ድምፁም ከፍ እያለ ይሄዳል። ተማሪው ተሕዋስያን መድኃኒትን ስለ መላመዳቸው ብዙ ተምሯል፤ አሁን ግን የሚፈለግበት ደንበኛውን ሳያዋርድና ሳይሸነፍለት እምቢ ማለት ነው፤ ወዴት መሄድ እንዳለበትም ማመልከት አለበት። ሌላ ጉዳይ፦ አንዲት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፖስትፒል የሚባለውን ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ትጠይቃለች፤ ከኋላዋ አምስት ሰው ተሰልፏል፤ ከተሰለፉት አንዷ የሰፈሯ ሰው ናት። ሌላም አለ፦ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ሽሮፕ «መጀመሪያ ይሄን አውጡት» ይላል፤ የታዘዘው ሕክምና ግን ከቀሪው ጊዜ ይረዝማል። ሙያዊነት በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ውስጥ ሦስት የተለያየ መልክ አለው፤ በአንደኛው ጽናት ነው፣ በሁለተኛው ድምፅን ዝቅ ማድረግ ነው፣ በሦስተኛው ደሞዝ ከሚከፍል ሰው ፊት መቆም ነው።

ቡድኑ ትንሽ ሲሆን ይሻላል፤ አምስት ወይም ስድስት ሰው። አንዱ ፋርማሲስት፣ አንዱ ታካሚ ይሆናል፤ የቀሩት በዝምታ ይመለከታሉ፣ የሰሙትን ቃል እንዳለ ይጽፋሉ። ሲያልቅ መጀመሪያ መናገር ያለበት ታካሚ የሆነው ተማሪ ነው። ይህን ቅደም ተከተል መምህራን አዘውትረው ይዘሉታል፤ ወዲያው ራሳቸው አስተያየት መስጠት ይጀምራሉ። ነገር ግን የክፍል ጓደኛው «ስትመልስልኝ ዓይኔን አላየኸኝም፤ ኮምፒውተሩን ነበር የምታየው» ሲለው ተማሪው የሚሰማው ነገር ከመምህር ምክር ጠልቆ ይገባል። ከዚያ ጉዳዩ እንደገና ይጫወታል። ሁለተኛው ሙከራ የሌለበት ወርክሾፕ ትችት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አረጋውያንን ማስተናገድም ልምምድ ይጠይቃል። «ገብቶዎታል?» ተብለው የሚጠየቁ እናት ባይገባቸውም «አዎ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው ይሄዳሉ፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። በደንብ የተለማመደ ተማሪ ጥያቄውን ያዞረዋል፦ «እማማ፣ በደንብ ማስረዳቴን እንዳውቅ፣ እቤት ሲደርሱ እንዴት አድርገው እንደሚወስዱት ይንገሩኝ እስቲ።» ፈተናው ወደ ተናጋሪው ይመጣል፤ እናቲቱም አያፍሩም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ወደ ላይ መናገር ነው። ተማሪ ለአለቃው፣ ጀማሪ ፋርማሲስት ለስፔሻሊስት ሐኪም «ይህ መጠን ልክ አይመስለኝም» እንዲል ማድረግ በየትም አገር ከባድ ነው፤ ታላቅን ማክበር እንደ ጨዋነት መለኪያ በሚታይበት በእኛ አገር ደግሞ እጥፍ ይከብዳል። በ2006 የአሜሪካ የመከላከያ መሥሪያ ቤትና የጤና ጥራት ምርምር ኤጀንሲ ለሆስፒታል ቡድኖች ባዘጋጁት ሥልጠና ውስጥ በሦስት እርከን የሚያድግ አነጋገር አለ። መጀመሪያ «ስጋት አለኝ» ይባላል፤ ካልተሰማ «አልተመቸኝም» ይከተላል፤ አሁንም ካልተሰማ «ይህ የደህንነት ጉዳይ ነው» ተብሎ ሥራው እንዲቆም ይጠየቃል። አንድ ጊዜ ተናግሮ ያልተሰማ ሰው ሁለተኛ መናገር ግዴታው መሆኑም በዚያው ሥልጠና ይነገራል። ይህን እንዳለ ወደ አማርኛ ገልብጦ ማስተማር አይሠራም፤ ለሐኪሙ «አልተመቸኝም» የሚል ተለማማጅ ጋጠ ወጥ ይባላል። አክብሮቱን ሳይለቅ የሚጠነክር አነጋገር መፈለግ የወርክሾፑ ሥራ ነው። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን መጠን አንድ ጊዜ አብረን ብናየው?» ይጀመራል። ቀጥሎ «ዶክተር፣ የልጁ ክብደት 9 ኪሎ ነው፤ በዚህ ስሌት ከሚፈቀደው በላይ ይሆናል።» በመጨረሻም «እስኪረጋገጥ ድረስ ባልሰጠው ይሻላል፤ ኃላፊዬን ልጥራ።» ተማሪው እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በገዛ አንደበቱ፣ ከሚጮህበት «ሐኪም» ፊት ቆሞ፣ ድምፁ እስኪረጋ ድረስ ሊላቸው ይገባል። ያልተለማመዱት ድፍረት በተፈለገበት ሰዓት አይገኝም።

ወርክሾፑ ካለቀ በኋላ ወረቀት ይወጣል። ጆን ዱዊ በ1910፣ ዶናልድ ሾን ደግሞ በ1983 ባሳተሟቸው መጻሕፍት እንዳስረዱት ሰው ያለፈበትን ነገር ቆም ብሎ ካልመረመረው ከልምዱ ብዙ አይማርም። ሾን በተለይ ሁለት ዓይነት ምርመራን ለይቶ አሳይቷል፤ አንዱ በሥራው መካከል የሚደረግ፣ ሌላው ከሥራው በኋላ። የኋለኛውን ያዘወተረ ሰው ለፊተኛው ይበቃል የሚለው ተስፋ ነው የራስ ምልከታ ጽሑፍን ወደ ጤና ትምህርት ቤቶች ያስገባው።

ግን ተማሪዎች ብልሆች ናቸው። መምህሩ ምን ማንበብ እንደሚወድ በሁለተኛው ሳምንት ያውቃሉ። «ዛሬ የመግባባት ክህሎትን አስፈላጊነት በሚገባ ተገንዝቤአለሁ፤ ወደፊትም ታካሚዎቼን በአክብሮት አገለግላለሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ ማርኩ ይሰጣል፤ ምንም አልሆነም። ከዚህ ጋር ይህን ማነጻጸር ይቻላል፦ «ልጅቷ ፖስትፒል ስትለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት። ከኋላ የቆሙት ቀና አሉ። ስደነግጥ እንደምጮህ አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ከመመለሴ በፊት ወደ መስኮቱ ጠጋ እላለሁ።» ሁለተኛው ላይ የሆነ ነገር አለ፤ የተደረገው፣ የተሰማው፣ ምክንያቱ፣ የሚለወጠው። ርዝመቱ አራት ዓረፍተ ነገር ነው። መምህሩ ማርክ መስጠት ካለበት ተማሪው ዝርዝር ነገር መጻፉንና ጥያቄ ማንሣቱን ይመዝን እንጂ የስሜቱን ማማር አይመዝን። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ወረቀቱን አንብቦ፣ በኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ጽፎ መመለስ ነው። ሰማንያ ወረቀት ማንበብ አድካሚ ነው፤ ካልተነበበ ግን ባይጻፍ ይሻላል።

የታካሚ ስም በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ፈጽሞ መግባት የለበትም። በሰው ላይ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነገር ከተገኘ መምህሩ ዝም ብሎ ሊያልፈው እንደማይችልም ተማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን ሊነገራቸው ይገባል። ይህ ግልጽነት የሌለበት ምልከታ ወይ ወጥመድ ይሆናል ወይ ማስመሰል።

ልማዱ ከትምህርት ቤት በኋላም ይፈለጋል። ብሪታንያ ውስጥ በ2018 በተጀመረ ሥርዓት ፋርማሲስቶች ምዝገባቸውን ለማደስ በየዓመቱ ከሚያቀርቧቸው መዛግብት መካከል አንድ የራስ ምልከታ ጽሑፍና ከሙያ ባልደረባ ጋር የተደረገ የውይይት መዝገብ እንዲገኙ ተደርጓል። በዚያው ዓመት ሌላ ለውጥም ተደረገ። ከዚያ በፊት ሳያስቡ የተሳሳተ መድኃኒት የሰጡ ፋርማሲስቶች በወንጀል ሊከሰሱ ይችሉ ነበር፤ ፕሬድኒሶሎን በታዘዘበት ፕሮፕራኖሎል የሰጠች ባለሙያ በ2009 የተገደበ የእስር ቅጣት ተወስኖባት፣ በይግባኝ ወደ መቀጮ ተለውጦላታል። የ2018ቱ ሕግ በተመዘገበ መድኃኒት ቤት ሙያውን ሲያከናውን ሳያስበው ለሚሳሳት ፋርማሲስት መከላከያ ሰጠው። አንዱ ቅድመ ሁኔታ ግን ስሕተቱ ሲታወቅ ለታካሚው ሳይዘገይ እንዲነገረው ጥረት መደረጉ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የተናገረውን ነው። በክፍል ውስጥ «ተሳስቻለሁ» ማለትን የለመደ ተማሪ ይህን በር ለመጠቀም አይቸገርም፤ በተሳሳተ ቁጥር የተዋረደ ተማሪ ግን የመጀመሪያ ስሜቱ መደበቅ ይሆናል።

በ2005 በአሜሪካ የታተመ የማክሲን ፓፓዳኪስና የባልደረቦቿ ጥናት ሐኪሞችን የሚመለከት ቢሆንም የፋርማሲ መምህራንም ሊያነቡት ይገባል። በሙያ ቦርዶች የተቀጡ 235 ሐኪሞች ካልተቀጡ 469 ጋር ሲነጻጸሩ፣ የተቀጡት በተማሪነታቸው ዘመን የሥነ ምግባር ጉድለት የተመዘገበባቸው የመሆን ዕድል ሦስት እጥፍ ነበር። በተለይ ጎልተው የወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከባድ ኃላፊነት የጎደለው ባሕርይ፣ እንዲሁም ራስን ለማሻሻል የማይሞክር፣ እርማት የማይገባው አመል። ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚያረፍድ፣ አስተያየት ሲሰጠው የሚቆጣ ተማሪ «ሲመረቅ ይሻሻላል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። መረጃው ተማሪውን ለማባረር አያስቸኩልም፤ ገና በጊዜ ተቀምጦ ለማነጋገር ግን በቂ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆን ነገር አለ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የተተገበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ ነበር። የፋርማሲ የመጀመሪያ ዲግሪ ወደ አምስት ዓመት ሲያድግ ትምህርቱ ከመድኃኒቱ ወደ ታካሚው ዞሯል፤ ተማሪዎች በመጨረሻ ዓመታቸው በሆስፒታል ክፍሎች ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር ይዞራሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን ሌላ ትምህርት ይጠብቃቸዋል። ፍሬድሪክ ሃፈርቲ የተባለ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከባልደረባው ጋር በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ ስውር ሥርዓተ ትምህርት ብሎ የገለጸው ነው፤ ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያስተምረው። በወርክሾፕ ታካሚን በስሙ መጥራት የተለማመደች ተማሪ በአታችመንቷ፣ ማለትም በሆስፒታል ልምምዷ፣ የመጀመሪያ ቀን «አንተ ባለ ቀይ ሹራብ፣ ና!» ሲባል ትሰማለች። የምክር አገልግሎት ለብቻ መሰጠት እንዳለበት ተምራለች፤ ያገኘችው በፍርግርግ የታጠረ፣ መቶ ሰው የተሰለፈበት መስኮት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ክፍል የተማረችው ለፈተና፣ እዚህ የምታየው ለሥራ ነው ብላ ትደመድማለች። ተማሪዋን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ፍትሐዊ አይደለም።

ስለዚህ ወርክሾፑ ተማሪዎችን ብቻ ከያዘ ግማሽ ሥራ ነው። ተማሪ የሚቀበሉት የሆስፒታልና የከተማ መድኃኒት ቤት ፋርማሲስቶች አታችመንቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ክፍሉ ሊጋበዙ፣ አብረው ሊጫወቱ፣ በተለይም የሚጠየቀውን አለቃ ሆነው ሊቀርቡ ይገባል። ሃያ ዓመት መስኮት ላይ የቆመ ባለሙያ ከተማሪ አፍ «ጋሼ፣ ይህን አንድ ጊዜ ላረጋግጥ?» የሚለውን በልምምድ ሰምቶ «ጎሽ፣ አረጋግጪ» ብሎ ከመለሰ፣ በማግስቱ እውነተኛው ማዘዣ ሲመጣ ሁለቱም የሚሉትን ያውቃሉ። ከዚያ በየሳምንቱ አርብ ከሥራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተመድቦ፣ ተማሪዎቹና ተቆጣጣሪያቸው በሳምንቱ ውስጥ ሊያመልጥ ሲል የተያዘ አንድ ስሕተት ያነሣሉ፤ ማን እንደተሳሳተ ሳይሆን ምን እንዳስቆመው ይነጋገራሉ። አዳራሽም በጀትም አይጠይቅም፤ የመድኃኒት ቤቱ የኋላ ክፍልና በሩን የሚጠብቅ አንድ ተረኛ ይበቃል።